ሳይጠየቁ የማይሻገር ዱቄት

አንድ ሰው ነበረ፤ ነቀዝ የሚገድል ዱቄት እየሠራ የሚሸጥ። ማንም አልሞተም፤ ፊትህ ከአሁኑ ጠቁሯልና ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። ሊሞት የነበረ ሰው አለ፤ እሱም አልሞተም። አሁን ተረጋግተህ ስማኝ።

እንዲህ ብለው የጀመሩት ጋሽ መንበሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በድንበር ኬላ ዕቃ ሲፈትሹ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቶሎ የሚቆጡና ቶሎ የሚስቁ ሰው። ፊታቸው የተቀመጠው የእህታቸው ልጅ ሲራክ ነው። ሲራክ የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ወደ ጎረቤት አገር ይልካል። የዘንድሮው ጭነቱ ደረቅ ወደብ ላይ ቆሞበታል፤ የተቀባዩ አገር መንግሥት ምን እንደሚመጣለት ተነግሮት እሺታውን እስኪሰጥ ድረስ አይንቀሳቀስም ተብሏል። ገዢው በየቀኑ እየደወለ ያጣድፈዋል። አንድ ደላላ ደግሞ «ማዳበሪያ ነው ብለን እናሳልፈው» እያለ ያማክረዋል። ሲራክ ግራ ሲገባው አጎቱ ዘንድ መጥቶ ጠየቀ፦ «ጋሼ፣ የእኔ አገር ፈቅዶልኛል። ገዢውም ራሱ ለምኖ ነው ያዘዘኝ። ታዲያ የማላውቃቸው ሰዎች እሺ እስኪሉ ድረስ እጄን አጣጥፌ የምቀመጠው ለምንድን ነው?»

ጋሽ መንበሩ የመለሱለት እንዲህ እያሉ ነበር።

ይህ ሰው የሚኖረው ውሃ በሞላበት ደጋ አገር ነው። ምንጩ ከየጓሮው ይፈልቃል፣ ጅረቱ በየደጁ ይወርዳል። እሱ ከተራራ ሥር ነጭ ድንጋይ ይቆፍራል፣ ያቃጥላል፣ ይፈጫል። ከዚያ የሚወጣው ዱቄት ጎተራ ውስጥ ከእህል ጋር ከተቀላቀለ ነቀዝ ዝር አይልም። ሰውም ቢሆን ከቀመሰው አይተርፍም። ይህን ግን በዚያ አገር የሚናገር አልነበረም። ምን ሊያደርግ ይናገራል? ሁሉም ያውቀዋላ።

እዚያ አገር እህል ከጎተራ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገባው ገበቴ ውስጥ ነው። ውሃውን እየለወጡ ጥርት እስኪል ያጥቡታል። እጣቢውን ከብትም ሰውም ከማይደርስበት ጉድጓድ ይደፉታል። ከዚያ ሰሌን ላይ አስጥተው፣ ሲደርቅ አንስተው ወይ ይፈጩታል ወይ ይቆሉታል። ልጅ ገና አፉን ሳይፈታ «ሳይታጠብ አይበላም» ሲባል ይሰማል። ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ከምትሰጣት ዕቃ ሁሉ ቀድሞ የሚነሳው የእህል ማጠቢያው ገበቴ ነው። ልማዱን ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። እኔ ግን እገምታለሁ፤ መቼም በደህና ቀን አልተጀመረም።

ዱቄት ሠሪው ወንዝ ማዶ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ እህል ነጋዴ። የማዶው አገር ቆላ ነው። ውሃ ከሩቅ በአህያ ተጭኖ ይመጣል፤ ሰው ፊቱን የሚታጠበው በእፍኝ ውሃ ነው። እህላቸውን የሚያኖሩት መሬት ቆፍረው ነው። ነቀዝ እንዳይበላባቸው የእንጨት አመድ ይነሰንሱበታል፤ ከአባቶቻቸው የወረሱት መላ ይኸው ነው። በዚያ ዓመት ግን ነቀዙ አመዱን ናቀው። ጉድጓድ በተከፈተ ቁጥር ማሽላው ብናኝ ሆኖ ይወጣ ጀመር። ለመጪው ክረምት ያስቀመጡት ዘር እንኳ ልቡ ተበልቶ ቅርፊቱ ብቻ ይገኛል። የሚበላው ቢያልቅ ከዘመድ ይለመናል፤ ዘር ያለቀበት አገር ግን ምን ይዞ ይለምናል?

እህል ነጋዴው ይህን ጭንቀት ይዞ ደጋ ሲወጣ ወዳጁ ደጅ ላይ ሰሌን ላይ የተሰጣ እህል አየ። በልማዱ አንድ እፍኝ ዘግኖ ቆረጠመ። ፍሬው እንዳለ ነው፤ አንዲት ቀዳዳ የለችበትም።

«ይህ የዘንድሮ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«የካቻምና ነው» አለው ዱቄት ሠሪው። ኩራቱን ልትገምት ትችላለህ።

«ነቀዙንስ ምን አደረጋችሁት?»

«ዱቄት አለኛ። ከእህሉ ጋር ትቀላቅለዋለህ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ልብ በል ሲራክ፤ ሰውዬው አልዋሸም። ለእሱ ማጠብ የዱቄቱ ጉዳይ ሳይሆን የወጥ ቤት ጉዳይ ነው። አዋቂን ሰው እህልህን አጥብ ብሎ መምከር ለእሱ ልብስህን ለብሰህ ከቤት ውጣ ብሎ እንደ መምከር ነው። እህል ነጋዴውም አልተሞኘም። ዱቄቱ የገባበትን እህል በገዛ ጥርሱ ቆርጥሞ ጤነኛ ሆኖ ቆሟል። ስለዚህ በልቡ፦ «ይህማ የተሻለ አመድ ነው» አለ። አመድ ደግሞ እነሱ አገር ከእህሉ ጋር አብሮ ይበላል፤ ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

ወዳጁን ትከሻውን ይዞ ለመነው። «ለአገሬ ሁሉ የሚበቃ አድርስልኝ። ወንዙ ሳይሞላ ካልደረስክልኝ የምንዘራው የለንም» አለው። ዱቄት ሠሪውም አዘነለት። ወንዙ ሳይሞላ እንደሚያደርስለት በአባቱ አጥንት ማለለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ሰው ሁሉ ድንጋይ ፈጪ ሆነ። ሚስቱ እንኳ «ዘንድሮ ከእኔ ጋር የተኛኸው ድንጋይ ስትፈጭ ሲደክምህ ብቻ ነው» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ዱቄቱ ሲደርስ በስልቻ ሞልቶ፣ በአህያ ጭኖ ወደ ወንዙ ወረደ። ወንዙ ዳር ኬላ አለ። የኬላው ሹም ወሬ የማይወድ፣ ከሰው ይልቅ ዓሣ የሚቀናው ዓይነት ሰው ነው፤ ሲደርስበትም ዓሣ እየጠበሰ ነበር።

«ምንድን ነው የጫንከው?»

«የነቀዝ መድኃኒት።»

«ይገድላል ማለት ነው?»

«እህሳ፣ ሊያጫውተው ነው እንዴ?»

«ሰውስ?»

ዱቄት ሠሪው ሳቀ። «ሰው ምን ሆኖ ይበላዋል?»

«ቢበላውስ አልኩህ።»

ሰውዬው ወደ ስልቻዎቹ ዞር ብሎ አየ። ይህን ቃል ከአፉ አውጥቶት አያውቅም ነበር። «አንጀቱን ቆራርጦ ይገድለዋል» አለ በመጨረሻ፤ ሲናገረው ለራሱም ቀፈፈው።

ሹሙ ዓሣውን ገለበጠ። «እንግዲያው እዚሁ ትቆያለህ። የሚገድል ነገር ይህን ወንዝ የሚሻገረው የማዶ ሰዎች ምንነቱ ተነግሯቸው እሺ ሲሉ ብቻ ነው። ሕጉ እንዲያ ይላል» አለው።

«ያዘዘኝ እኮ የማዶ ሰው ነው።»

«ለራሱ ጉድጓድ ነው ያዘዘው?»

«ለአገሩ ሁሉ ሊያከፋፍለው ነው።»

«እንግዲያው አገሩ ይጠየቃል። አንድ ሰው ስለፈለገው ብቻ ለሁሉ አይገባም።»

የዱቄት ሠሪውን ደም ሲፈላ አየህ? ያንተም እንዲያ ነው የሚፈላው፤ ትላንት በስልክ ስትጮህ ሰምቼሃለሁ። የገዛ አገሩ ሥራው ደህና ነው ብሎታል። ወዳጁ እየጠበቀው ነው። ደመናው ከበስተምሥራቅ መከመር ጀምሯል። አሁን ይህ ዓሣ ጠባሽ አገር ሙሉ ሰው ዘር አጥቶ ይቀመጥ ይለዋል። ያልተናገረው ነገር የለም። ሰነፍ አለው፣ ልበ ደረቅ አለው፣ እናትህ ማዶ ብትሆን እንዲህ አታደርግም ነበር አለው። ሹሙ ግን አንድ ዓሣ ሰጠውና መልእክተኛ ጠራ። መልእክተኛው ከዱቄቱ ጥቂት በቅል ታሽጎለት፣ ቃሉንም ተቀብሎ ተሻገረ፤ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚገድል፣ ሰው ቢውጠው ምን እንደሚያደርግ፣ ከእህል ጋር እንዴት እንደሚቀላቀል። ይህን ሁሉ ያስነገረው ሹሙ ነው። ማጠብ የሚለው ቃል ግን እዚያም ውስጥ የለም። ዱቄት ሠሪው አልተናገረውም፤ ሹሙም ምን ብሎ ይጠይቀው?

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ሰውዬው ጠዋት ተነስቶ ሰማዩን ያያል፣ ወንዙን ያያል፣ ስልቻዎቹን እየዳሰሰ እርጥበት እንዳልገባቸው ያረጋግጣል። እህል አይወርድለትም። የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወንዙ ሞልቶ ቢዘጋ፣ የማዶ ሰዎች ባዶ ማሳቸውን ታቅፈው ቢቀሩ፣ የማለበትን ቃል በልቶ እንዴት ሰው ፊት ይቆማል?

አንድ ማለዳ እህል ነጋዴው ራሱ ተሻግሮ መጣ። ከስቷል። «ምን ሆነህ ነው የቀረኸው?» አለው። ነገሩን ሲሰማ በንዴት ጨሰ። «እነማንን ነው የሚጠይቁት? እኛ ቤት አንድ ነገር ለመወሰን አሮጊቶቹ ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ ተኳርፈው፣ ታርቀው ነው። እስከዚያ ነቀዙ ጨርሶን ይሄዳል» አለ። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ከታች መሻገሪያ አውቃለሁ። ኬላ የለበትም። ወደ ቤትህ የምትመለስ መስለህ ጫን» አለው።

ዱቄት ሠሪው ሕግ አፍርሶ አያውቅም። ግን ወዳጁን አየው፣ ደመናውን አየው፣ ሹሙን አየው፤ ሹሙ መረቡን እየጠገነ ነው። «እሺ» አለ። አህዮቹን መጫን ጀመረ። ለራሱም፦ «ሰው ላድን ነው የምሄደው፤ ኃጢአት ከሆነ ይሁን» እያለ ልቡን ያደነድን ነበር። እውነቱን ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። እዚህ ላይ ነው የሚያስፈራኝ።

የመጨረሻው ስልቻ ሲጫን መልእክተኛው ተመለሰ። ብቻውን አልመጣም፤ አንዲት አሮጊት ይዞ ነው። የማዶ ሰዎች ጉድጓዶቻቸውን በእጇ ያስረከቧት፣ እሷ ሳትል የማይከፈት፣ እሷ ሳትል የማይዘጋ ሴት ናት። መልሱን በሰው አፍ ከምትልክ መጥታ በዓይኗ ልታይ ወደደች። ከራሷ ጉድጓድ ጥቂት ማሽላ በአቁማዳ ይዛለች።

ወደ ዱቄት ሠሪው ሄደችና፦ «ሳትጠይቀን ያልተሻገርከው ሰው አንተ ነህ? እግዜር ይስጥልኝ፤ እኛን ከቁም ነገር የሚቆጥር ስናገኝ ደስ ይለናል» አለችው።

ሰውዬው የሚገባበት ጠፋው። አህዮቹ ተጭነው ከኋላው ቆመዋል።

«አንድ ነገር ግን አልገባንም» አለች አሮጊቷ፤ «መልእክተኛህ ሰው ይገድላል ይላል። ይህ ልጃችን ደግሞ እንደ አመድ ነው ብሎናል። የቱን እንመን?»

እህል ነጋዴው ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «እማማ፣ የኬላ ሰው ሥራው ማስፈራራት ነው። እኔ እነሱ ቤት ከተሰጣው ዘግኜ በልቻለሁ፤ ይኸው ፊትዎ ቆሜያለሁ። ባያምኑኝ እንደ ወጋችን አደርጋለሁ» አላት።

ወጋቸው ምን መሰለህ? እነሱ አገር እህል ለሰው የሚያቀርብ ሰው በሰው ፊት መጀመሪያ አንድ እፍኝ ይቆረጥማል። ያ ካልሆነ ማንም እህሉን አይነካም። ከቆረጠመ ግን መሐላም ምስክርም አያስፈልገውም። እህል ነጋዴው ከአሮጊቷ አቁማዳ ማሽላ ዘገነ፤ ከተጫነው ስልቻ ዱቄት ጨምሮ በመዳፉ አሸው። ማሽላው ነጭ ሆነ። ቀና ብሎ ፈገግ አለና እጁን ወደ አፉ ላከ።

ዱቄት ሠሪው እያየው ነበር። እያየው አልደነገጠም። ጭንቅላቱ ገና «አሁን ሊያጥበው ነው» ይለዋል፤ ዕድሜ ልኩን ያየው ይህንኑ ነዋ። ውሃ ግን በአጠገቡ የለም። ገበቴ የለም። እጁ እየሄደ ነው፣ አፉ ተከፍቷል። ያን ጊዜ ክው አለና ዘሎ የወዳጁን እጅ ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። ማሽላው ተበተነ።

ወግ እየፈጸመ ያለን ሰው እጅ መምታት እነሱ አገር ደም የሚያቃባ ነገር ነው። እህል ነጋዴው ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን ነካህ?» አለ።

«አልታጠበም» አለው።

«ምኑ?»

«እህሉ ነዋ።»

«እህል ይታጠባል እንዴ?»

እህል ይታጠባል እንዴ። ዱቄት ሠሪው እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። መልሶ ብድግ ብሎ የወዳጁን አገጭ ያዘ። «አፍህን ክፈት። ዋጥክ? አንዲት ፍሬ ዋጥክ?» ይለዋል። «አልደረሰልኝም፣ አልዋጥኩም፣ ልቀቀኝ» ይላል ያኛው። ከኬላው እንስራ ውሃ እያፈሰሰ እጁን አጠበው፣ ከንፈሩን አጠበው፣ ጢሙን አጠበው። የወዳጁን ጢም ሲያጥብ ያለቅሳል፤ ያለቅስና ይስቃል። አሮጊቷ ቆማ ታያለች። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ ሲራክ? እኔ እንዲያ የሆነ ሰው ባይ አብሬው አለቅስ ነበር።

ትንሽ ሲረጋጋ ያልተናገረውን ሁሉ ተናገረ። ገበቴውን፣ ውሃ መለዋወጡን፣ የእጣቢውን ጉድጓድ፣ ሰሌኑን፣ ልጅ የሚሰማውን የመጀመሪያ ምክር። አሮጊቷ ስታዳምጥ ቆየችና፦ «ለአንድ ቁና እህል ይህ ሁሉ ውሃ?» አለች። «በዚህ ውሃ እኛ ልጅ እናሳድጋለን።»

ከዚያ እሷም የእነሱን ነገረችው። ማሽላ ከጉድጓድ ሲወጣ ልጆች በእፍኝ እየዘገኑ እንደሚሮጡ፤ ለአራስ ሴት ከሌላው ሁሉ ቀድሞ እንደሚቆላላት፤ የማሽላው ዱቄት ከነብናኙ እንደሚቦካ። ዱቄት ሠሪው አንድ በአንድ ሲሰማ ወደ አህዮቹ መለስ ብሎ ያያል። ያ ሁሉ ስልቻ። እነዚያ የሚሮጡ ልጆች። ፀሐይዋ ትንሽ ከፍ እስክትል መልእክተኛው ቢዘገይ ኖሮ እሱ ከታች ተሻግሮ ነበር። በማግስቱ በየጉድጓዱ እየዞረ በገዛ እጁ ይቀላቅል ነበር፤ ሰዎቹም ይመርቁት ነበር።

ወደ ሹሙ ሄዶ፦ «ጌታዬ፣ በታች በኩል ልሻገር ነበር» አለው።

«አውቄያለሁ» አለ ሹሙ፤ «ወደ ዳገት የሚመለስ ሰው የአህያውን ፊት ወደ ቁልቁለት አያዞርም። ተነስቼ ልከተልህ ነበር፤ መልእክተኛው አሮጊቷን ይዞ መጥቶ ገላገለኝ።»





«ለመሆኑ እህል እንደማያጥቡ አንተ ታውቅ ነበር?»

«እኔ? እኔ ዓሣ በሊታ ነኝ፤ ስለ እህል ምን አውቃለሁ?» አለው።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው ሲራክ። ሹሙ አያውቅም ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎችም አያውቁም ነበር። ደጋ ያለ ሰው ሁሉ ሌላው አገር እህል እንደማይታጠብ አስቦት አያውቅም፤ ቆላ ያለ ሰው ሁሉ እህል የሚታጠብበት አገር እንዳለ አልሰማም። ስልቻው የያዘው ዱቄቱን ብቻ ነው። እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቀው ልማድ እዚያው ደጋ፣ በእናቶች ገበቴ ውስጥ ቀርቷል። ሕግ አውጪዎቹ የሚያውቁት ነገር ቢኖር፣ እዚህ ተቀምጠን የማናውቀው ነገር እዚያ ሊኖር ይችላል የሚለውን ነው። ለዚህ ነው ጠይቁ ያሉት።

አሮጊቷ መልሷን የሰጠችው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁሉም ዓሣ ከበሉ በኋላ። «ለሚበላው እህል አይገባም። ውሃ የለንም፤ ልጆቻችንንም አናስርም። የሚበላውን ደህና ደህናውን ለይተን፣ አመዱንም አብዝተን እንደ ምንም እንገፋዋለን። ለዘሩ ግን ይግባ። ዘር የምናስቀምጠው ለብቻው በቅል ነው፤ ማንም አይቆረጥመውም። እንዲያም ሆኖ የተሳሳተ ልጅ እንዳይበላው ማሽላው በቀይ አፈር ይቀለም። በእያንዳንዱ ስልቻ ላይ መርዝ ነው የሚለው በእኛ ቋንቋ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም ሆዱን ይዞ የወደቀ ሰው ይሳልበት። አንተም መጥተህ እንዴት እንደሚያዝ፣ ስልቻው ሲያልቅ የት እንደሚቀበር አሳየን» አለች።

ዱቄት ሠሪው እሺ ብቻ አይደለም፤ እሺ እሺ እሺ ነው ያለው። ለዘር የሚበቃው ጥቂት ስልቻ ነው። አህዮቹን አራግፎ፣ ያን ለይቶ፣ ሥዕሉን እሱ ራሱ በከሰል ሳለው። እህል ነጋዴው ሥዕሉን አይቶ፦ «ይህ የወደቀው ሰው እኔን ይመስላል» አለው። «አንተን ነው የሳልኩት» አለው፤ ተቃቅፈው ሳቁ። ወንዙ ሳይሞላ ተሻገሩ። ዱቄት ሠሪውም ማዶ ሰንብቶ ከቤት ቤት እየዞረ አሳየ። የዘሩ ነቀዝ ጸጥ አለ። ዝናቡ ሲጥል የማዶ ሰዎች የሚዘሩት ነበራቸው።

ሰውዬው ሲመለስ የቀሩትን ስልቻዎች ከኬላው ጭኖ ዳገቱን ወጣ። የሠራውን አብዛኛውን ሳይሸጥ ነው የተመለሰው። ለወራት የፈጨው ድንጋይ ተመልሶ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ደጅ ወጥታ ጭነቱን ስታይ፦ «አልገዙህም እንዴ?» አለችው። «አልገዙኝም፤ ተመስገን» አላት። ያበደ መስሏት ደነገጠች። እሱ ግን በዚያች ሌሊት ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥርት ያለ እንቅልፍ ተኛ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ማንም አልሞተበትም፤ ይህን እያሰበ ተኛ፣ ይህን እያሰበ ነቃ።

ጋሽ መንበሩ እዚህ ላይ ሲራክን ትክ ብለው አዩት። ከዚያም እንዲህ አሉት፦

አየህ ልጄ፣ ያ ዱቄት ሠሪ አንተ ነህ። ገዢህ ያ እህል ነጋዴ ነው፤ ይወድሃል፣ ያጣድፍሃል፣ ፈልጎ ነው ያዘዘህ። ግን እሱ ስለ አገሩ ሁሉ አፍ ሆኖ አይናገርም፤ የሚረጨውም፣ የሚያጥበውም፣ የሚበላውም እሱ ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ ነው ብለን እናሳልፈው የሚልህ ደላላ ደግሞ ያ የታች መሻገሪያ ነው። በእሱ ብትሄድ ሰው ልታድን ሄደህ ምን ይዘህ እንደምትገባ አታውቅም። በዕቃህ ላይ በአገርህ ቋንቋ የተጻፈውም ማስጠንቀቂያ ለሚያውቀው ሰው ብቻ ነው የሚጮኸው፤ እዚያ ያለው ገበሬ በገዛ ቋንቋው ይስማው። ሰው ቢውጠው ምን ይሆናል የሚለውን አብረህ ላክ፤ ለመናገር ቢቀፍህም ተናገረው። ለዘር ብቻ ይግባ ቢሉህ ለዘር ብቻ ይግባ። እምቢ ቢሉህም አህያህን አዙረህ ተመለስ፤ ተመስገን እያልክ ተመለስ።

አሁን ለገዢህ ደውልና እየጠበቅኩ ነው በለው። መልሱ የዘገየው ቢሮ ስለተኛ ሊሆን ይችላል፤ አልክድህም፣ ቢሮ ይተኛል። ግን ደግሞ አንዲት አሮጊት እኛ እህል አናጥብም ልትልህ አሁን መንገድ ላይ ልትሆን ትችላለች። እስክትደርስ ጠብቃት።